ያልተረጨው መደብ

«ጥፋቴ ነው ትበል። ምሳ ላይ፣ በእማዬ ፊት፣ ሁላችንም እየሰማን ትበል። እንደዚያ ካለች ትምህርት ቤት እስኪዘጋ ከነልጇ ክፍሉ ውስጥ ትቆይ። አልልም ካለች ግን ዕቃዋን ትሸክፍ።»

«ታለቅስ ይሆናል እንጂ አልልም አትልም» የሚል የሴት ድምፅ መለሰ። «የት ትሄዳለች?»

እንዲህ የሚባባሉት ጋሼና ሚስቱ ናቸው። የሰማቻቸው የጋሼ ታናሽ እህት ስትሆን፣ የሰማቻቸውም መታጠቢያ ቤት ገብታ እጇን ስትታጠብ ነው። ቤቱን ያሠራው ራሱ ጋሼ ነው፤ ጋሼ ደግሞ መሐንዲስ መቅጠር ገንዘብ ሜዳ ላይ መበተን ነው ብሎ ስለሚያምን ማዕድ ቤቱን ከመታጠቢያ ቤቱ የሚለየው ቀለም የተቀባ ኮምፔንሳቶ ነው። በዚህ በኩል ለሚያስነጥስ ሰው በዚያ በኩል ይማርህ ይሉታል። እህቲቱ ቧንቧውን ዘጋች፤ ሳሙናው እጇ ላይ እንዳለ ጆሮዋን ጣል አደረገች። ከዚያ በኋላ ግን የተሰማው የድስት ክዳን ብቻ ነበር። ሁለቱም የሚፈልጉትን ተነጋግረው ጨርሰዋል፤ የሰው ዕጣ ለመወሰን ሽንኩርት ልጦ የመጨረስ ያህል ጊዜ እንኳ አልፈጀባቸውም።

ይህችን እህት ቤተሰቡ «ዶክተሯ» ይላታል። ዶክተር አይደለችም። በአንድ የአትክልት በሽታ መመርመሪያ ላቦራቶሪ ተቀጥራ ቀኑን ሙሉ የበሰበሰ ሥር በማይክሮስኮፕ ስታይ የምትውል ባለሙያ ናት። ቤተሰቡ ማዕረጉን የሰጣት በፌዝና በኩራት መካከል ሆኖ ነው፤ እሷም አንድ ቀን «ኧረ እኔ ዶክተር አይደለሁም» ብላ አርማቸው አታውቅም። በእረፍት ቀኗ የመጣችውም ዝም ብሎ ናፍቆት አምጥቷት አይደለም። ባለፈው ስትመጣ ከጋሼ ችግኝ ጣቢያ የሞቱ ችግኞችን በፌስታል ይዛ ሄዳ ነበር። ምን እንደገደላቸው አግኝታዋለች፤ በስልኳ ቀርጻ ይዛዋለች። ከመጣች ጀምሮ ማን ይጠይቀኝ ብላ ስትቁነጠነጥ ነበር፤ የጠየቃት ግን የለም። ጋሼ ስለ ፕላስቲክ ዋጋ ሲያወራ ነበር፤ ሚስቱ ስለ ዘይት ዋጋ፤ እናትየው ደግሞ ሶፋው ጥግ ተቀምጣ ራሷን በአዎንታ እየነቀነቀች የሁለቱንም ዋጋ ታጸድቅ ነበር።

ጥፋቴ ነው እንድትል የተፈረደባት የእናትየው ምራት ናት። ምራቷ የሞተው መካከለኛ ወንድማቸው ሚስት ስትሆን፣ ከግቢው ጀርባ ባለች አንዲት ክፍል ከልጇ ጋር ትኖራለች። ስለ ክፍሉ ኪራይ አትከፍልም፤ ስለ ሥራዋም ደመወዝ አይከፈላትም። ጋሼ ይህን «መደጋገፍ» ይለዋል። ችግኙን የምትዘራው፣ የምታጠጣው፣ መድኃኒት የምትረጨው፣ ለገዢ የምትጭነው እሷ ናት፤ ጋሼ ደግሞ ገዢው ሲመጣ ከፊት ይቆማል። ባልዋ በሕይወት እያለ የጣቢያው ግማሽ የእሱ ነበር። ከሞተ በኋላ ግማሹ የት እንደገባ ጠይቆ የሚያውቅ ሰው የለም፤ ዶክተሯም ብትሆን እንዲህ ያለው ጥያቄ የእሷ ሙያ አይደለም።

ደሟ ፈልቶ ከመታጠቢያ ቤት ወጣች። ያላጠፋችውን ጥፋቴ ነው በይ! አንጀቷ ተቃጠለ፤ ይህ እውነት ነው፣ አይካድም። ነገር ግን ከቃጠሎው ሥር ሌላም ስሜት ነበር። ማስረጃው ኪሷ ውስጥ ነው፤ ዛሬ ጋሼን ልክ ልኩን የምትነግርበት ቀን ነው። ሰው ለተበደለ ሲቆረቆር እንዲህ ደስ የሚለው ከሆነ ነገሩን ጠጋ ብሎ ማየት ደግ ነበር። እሷ ግን ጠጋ ብላ የምታየው ሥር ብቻ ነው።

ወደ ችግኝ ቤቱ ሄደች። ረዥም የፕላስቲክ ቤት ነው፤ በር ሲከፈት ሞቃትና እርጥብ አየር ፊት ላይ ይለጠፋል። መደቦቹ በሁለት ረድፍ ተዘርግተዋል። በእያንዳንዱ መደብ ሥር የሲሚንቶ ቦይ አለ። ቦዩ ከችግኙ የሚንጠባጠበውን ውኃ ሰብስቦ ወደ ጉድጓድ ይወስዳል፤ ከጉድጓዱ ፓምፕ ስቦ ወደ ትልቁ ታንከር ይመልሰዋል፤ ከታንከሩ በቱቦ ተመልሶ ችግኙ ላይ ይፈስሳል። ይህ የጋሼ ፈጠራ ነው። «ሲስተሙ» ይለዋል። እንግዳ ሲመጣ ገና ውኃ እንኳ ሳይቀርብለት ሲስተሙን ይጎበኛል፤ አንዲት ጠብታ እንደማትባክን፣ የውኃ ሒሳቡ እንዴት እንደወረደ፣ ሌሎቹ ችግኝ ጣቢያዎች ጭንቅላት ስለሌላቸው እንዴት እንደሚከስሩ ይሰማል። አሁን በመደቦቹ ላይ ያለው አብዛኛው ችግኝ አንገቱ ቀጥኖ፣ ታጥፎ፣ አፈሩ ላይ ተኝቷል። ለአንድ አዲስ ሆቴል በረንዳ የታዘዘ አበባ ነበር። ያልወደቀውም ግርጌው ላይ ነጭ ጥጥ የመሰለ ነገር ተጠምጥሞበት ተራውን ይጠብቃል። ሽታው የተዘጋ ዕቃ ውስጥ የተረሳ ጎመን ሽታ ነው።

ምራቷ የሞቱትን እየነቀለች ባልዲ ውስጥ ትጨምር ነበር። መርጫው ግድግዳው ሥር ተደግፏል፤ በጀርባ የሚታዘል፣ ማንገቻው በጨርቅ የተጠገነ። ተሳሳሙ። ስለ ልጅቷ፣ ስለ ፈተና፣ ስለ ትምህርት ቤት ቦርሳ ዋጋ ተነጋገሩ። ከዚያ ዶክተሯ ድምጿን ዝቅ አድርጋ የሰማችውን ነገረቻት፤ ምራቷ ትደነግጣለች ብላ ጠብቃ ነበር።

«አውቃለሁ» አለች ምራቷ፣ እጇን ሳታቆም። «ጋሼ ጠዋት ነግረውኛል። እላለሁ።»

«ያላጠፋሽውን?»

«ምን ቸገረኝ? አፌ አይደማ። እኔ የምፈልገው ክፍሉን ነው። አሁን ልጅቷን ይዤ ብወጣ ትምህርት ቤቱ ይርቃል፤ ኪራዩም አይቀመስም። ትምህርት ይዘጋና ያኔ አንድ ነገር እፈልጋለሁ። ጥፋቴ ነው ብል ምን እሆናለሁ?»

ሰው ኩራቱን ሒሳብ ሠርቶ ሲሸጥ ማየት ዶክተሯን እጅ እጅ አላት፤ የራሷ ኩራት ለገበያ ቀርቦ ስለማያውቅ መናቅ ይቀላታል። ዓይኗን አዞረች፤ ስታዞርም በጓሮው በር አጠገብ ያለውን የመጨረሻ መደብ አየች። ቀጥ ብሎ ቆሟል። አረንጓዴ ነው። አንድም የታጠፈ የለበትም።

«ይሄ ለምን ዳነ?»

ምራቷ መጀመሪያ ወደ በሩ ተመለከተች። «ቱቦው አይደርስለትም። ከውጭው ቧንቧ በባልዲ ነው የማጠጣው።»

«መድኃኒቱስ?»

ምራቷ ከባልዲው ውስጥ አንድ የሞተ ችግኝ አንሥታ መልሳ ጣለችው። «መርጫው እዚህ ሲደርስ ያልቃል። እንደገና ሞልቶ መሸከሙ... ወገቤ ይቆረጣል። ረጭቻለሁ እላቸዋለሁ፤ አልረጨውም። በእናትሽ እንዳትናገሪብኝ። ጥፋቴ ነው ማለቱ ሌላ ነው፣ ይሄ ሌላ ነው። ዛሬ ምንም አትበዪ። አንድ ቃል እንዳይወጣሽ።»

«አልናገርም» አለች ዶክተሯ። አፏ ይህን ይበል እንጂ ልቧ እየዘለለ ነበር። በአንድ ጣሪያ ሥር፣ በአንድ አፈር፣ አንዱ መደብ ብቻ ከታንከሩ ውኃም ከመድኃኒቱም የተለየ! እንዲህ ያለ ማነፃፀሪያ ላቦራቶሪ ውስጥ ለማግኘት ስንት ልፋት ያስፈልጋል። የምራቷን ፊት እያየች የምታስበው ይህንን ነበር።

ምሳው ሩዝና ዶሮ ነበር። እናትየው ከጠረጴዛው ራስ ተቀምጣለች፣ ጋሼ በቀኟ፣ ሚስቱ በግራዋ፣ ዶክተሯ ቀጥሎ፣ ምራቷ ደግሞ ለመነሣት እንዲመቻት በር አጠገብ። ልጅቷ ለጎረቤት ልጅ ልደት ተልካለች፤ ሆን ተብሎ ነው። የጋሼ ሚስት የዶሮው ዋጋ ካለፈው ምን ያህል እንደጨመረ ተናገረች፤ ይህን የምትናገረው ሁሌም ሰው ሁለተኛ ሲያወጣ ነው። እናትየው «አይ ዘመን» አለች። ምራቷ ከወሰደችው ላይ ግማሹን ወደ ሳህኑ ጠርዝ ገፋች። ከዚያ ጋሼ አፉን በሶፍት ጠረገ፣ ጉሮሮውንም ጠረገ፤ ሰውየው ሊናገር ነው።

«ፈንገስ» አለ፤ ቃሉን እንደ ባለሥልጣን ስም ረገጥ አድርጎ። «ፈንገስ የሚባለው ነገር፣ እማዬ፣ እንደ ጠላት ጦር ነው። አንድ ቀን ከተዘናጋሽለት አለቀልሽ። እኔ መድኃኒቱን ገዛሁ። ከውጭ የመጣ፣ ውዱን። በየሦስት ቀኑ ይረጭ ብዬ አዘዝሁ። አልሠራም። ለምን አልሠራም? መድኃኒት ራሱ እየሄደ አይረጭም፤ የሚረጨው ሰው ነው። ሰው ከተዘናጋ ፈንገሱ ይዛመታል። ፈንገስ ማለት እንግዲህ የዕፅዋት ዘር ሆኖ ቅጠል የሌለው...»

እዚህ ላይ የዶክተሯ ሹካ ቆመ። የዕፅዋት ዘር! ቤተሰቡ ምራቷን እያዋረደ እስካሁን ሩዟን ስታኝክ ነበር፤ ፈንገስን የዕፅዋት ዘር ሲያደርገው ግን አልቻለችም። ይህን ልብ ማለት ያስፈልጋል፣ ምክንያቱም በኋላ ለራሷ ስትተርከው «ግፍ ዝም ብዬ ማየት ስላልቻልሁ ነው» ብላለች።

ጋሼ ወደ ምራቷ ዞረ። ምራቷ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ አንገቷን ደፍታ ጀመረች። «እማዬ፣ ጋሼ፣ ጥፋቱ የ...»

«ፈንገስ አይደለም» አለች ዶክተሯ።

ምራቷ ቀና አለች። ዓይኗ ዶክተሯ ላይ እንደተተከለ ቀረ፤ ጭንቅላቷን በጥቂቱ፣ በጣም በጥቂቱ ወዘወዘች። ማንም ሰው ይገባዋል። ዶክተሯ ግን ስልኳን እየፈለገች ነበር።

«የውኃ ሻጋታ ነው። ፈንገስ ይመስላል፣ ክር ክር ይሠራል፣ ያበሰብሳል። ድሮ ሊቃውንቱም ተሸውደው ከፈንገስ ጋር ይመድቡት ነበር። ግን ዝምድና የላቸውም። ፈንገስ የሴሉን ግድግዳ የሚሠራው የጢንዚዛ ቅርፊት ከሚሠራበት ነገር ነው። ይሄኛው ግን ሴሉሎስ ነው፣ እንጨትና ወረቀት ውስጥ ያለው። ዘመዶቹ ባሕር ውስጥ የሚበቅሉት ቡናማ አረሞች ናቸው። ፈንገስማ ጋሼ፣ ለዕፅዋት ሳይሆን ለእንስሳ ነው የሚቀርበው። ለውኃ ሻጋታው ከሚቀርበው ይልቅ ለእኛ ይቀርባል።»

«ለእኛ?» አለች የጋሼ ሚስት፣ የዶሮ እግር ይዛ። «አንቺ ለራስሽ ተናገሪ።»

ጋሼ ሳቀ። እናትየው ልጆቿ ሲስቁ ስለምትስቅ ሳቀች። ዶክተሯ ፊቷ ቀላ፤ ስልኩን ለጋሼ አቀበለችው። በስክሪኑ ላይ ክብ ክብ ነጠብጣቦች እየተሽከረከሩ ወዲያ ወዲህ ይሯሯጣሉ። ጋሼ ስልኩን ከዓይኑ አራቀው፣ አቀረበው፣ «ትል ነው?» አለ።

«ዘሩ ነው። ሁለት ጭራ አለው፣ ይዋኛል። ያንተ ፈንገስ ዘሩን ነፋስ ነው የሚወስድለት።» የሚዋኝ ዘር የሚያወጣ ፈንገስም ከነጭራሹ የለም ማለት እንዳልሆነ ታውቃለች፤ ግን ለዚህ ጠረጴዛ ይህ ሁሉ ምን ያደርግለታል ብላ ዘለለችው። «ይሄ ውኃ ካገኘ ከአንዱ ሥር ወደ ሌላው ዋኝቶ ይሄዳል። አንተ ደግሞ ቦይ ሠርተህለታል። ከታመመው ችግኝ የወረደውን ውኃ ሰብስበህ ለጤነኛው ታጠጣለህ። መድኃኒቱ የሚሠራው ፈንገስ ብቻ የሚያመርተውን አንድ የቅባት ዓይነት እንዳያመርት በመከልከል ነው፤ የውኃ ሻጋታ ያንን ቅባት አያመርትም። የማይሠራውን ነገር ምን ብለህ ትከለክለዋለህ? የባሰው ደግሞ መድኃኒቱ አፈሩ ውስጥ ያሉትን ደጋግ ፈንገሶች ይፈጃል። እነሱ ናቸው እኮ ይሄንን የሚጋፉት። መድኃኒቱንስ በምን ውኃ ነው የምታስበጠብጠው? በታንከሩ። በሽታውን በመርጫ ነው ያስረጨኸው።»

ጋሼ መሳቁን ተወ። ሰውየው ቂል አይደለም፤ ቂል ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል አይከፋም ነበር። ሁሉም ነገር ገብቶታል። ፊቱ መጀመሪያ ገረጣ፣ ቀጥሎ ጠቆረ። የጎበኙት እንግዶች ሁሉ፣ ጭንቅላት የላቸውም ያላቸው ጎረቤቶች ሁሉ በዓይኑ ላይ ሲያልፉ ይታይ ነበር።

«እሺ ጥፋተኛው እኔ ነኛ!» አለ። «ሲስተሙ ነዋ! እኔ ነኝ ችግኙን የገደልሁት! አንቺ ሥር በማጉሊያ ስላየሽ መጥተሽ ቤቴ ውስጥ... ማስረጃሽ ምንድን ነው? ይሄ የሚሯሯጥ ነጠብጣብ? እኔ ከዚህ የበለጠ ዓይኔን ሳሽ አያለሁ።»

እዚህ ላይ ብታቆም ኖሮ ነገሩ በጩኸት ያልቅ ነበር። ጋሼ ይጮሃል፣ እናትየው ትቆጣለች፣ ምራቷ ጥፋቴ ነው ትላለች፣ ፍራፍሬ ይቀርባል። ዶክተሯ ግን ማስረጃ ተጠይቃ ማስረጃ የምትደብቅ ሴት አይደለችም። ምራቷ ከጠረጴዛው ማዶ «እህቴ» ስትላት ሰምታለች፤ በጣም በቀስታ ነበር፣ ግን ሰምታለች።

«ማስረጃውማ ግቢህ ውስጥ ነው» አለች። «በጓሮ በር በኩል ያለውን መደብ ሄደህ እየው። አንድም አልሞተም። በቧንቧ ውኃ ነው የሚጠጣው፤ መድኃኒትም ነክቶት አያውቅም።»

ዶክተሯ ጸጥታውን የራሷ ድል አድርጋ ተቀበለችው፤ ወደ ኋላ ተደግፋ ውኃዋን ጠጣች። ብርጭቆውን ስታስቀምጥ ግን ጋሼ ወደ እሷ አልነበረም የሚያየው። ፊቱ ላይ የነበረው ጥቁረት ለቅቆ እፎይታ የመሰለ ነገር ተተክቶበታል፤ በጨለማ ሲዳብስ የበሩን እጀታ ያገኘ ሰው ፊት ነበር።

«መድኃኒት ነክቶት አያውቅም?» አለ ለምራቷ፣ ለስለስ ባለ ድምፅ። «ረጨሽው ወይ ብዬ ስጠይቅሽ ምን ነበር የምትዪኝ?»

ምራቷ ሹካዋን ሳህኗ ላይ አስቀመጠች።

«ረጭቻለሁ ነበር የምትዪኝ። እማዬ፣ ሰምተሻል? እኔ እስከዛሬ ተዘናግታ ነው እል ነበር። ተዘናግታ አይደለም። ዓይኔን እያየች ስትዋሸኝ ነው የኖረችው። ችግኝ ይሞታል፣ ይተካል። እኔ የማልችለው ውሸት ነው። ከሚዋሸኝ ሰው ጋር በአንድ ግቢ መኖር አልችልም።»

ይህን ያለው፣ ምሳው ሳይበስል በፊት ማዕድ ቤት ቆሞ ለምራቷ የምትናገረውን ውሸት ቃል በቃል ያዘጋጀላት ሰው ነው። ዓይኑን በጨው አጥቧል። ዶክተሯ «ኧረ ጋሼ፣ እኔ ያልሁት እኮ መደቡ የዳነው ባለመረጨቱ ነው፣ እንዲያውም እሷ...» ብላ ጀመረች። ጋሼ እጁን አነሣ። «ሳይንሱን ተቀብያለሁ። አመሰግናለሁ። ይሄ ሌላ ጉዳይ ነው።»

ሚስቱ የዶሮውን አጥንት ሳህኗ ላይ አስቀመጠች። «ዶክተሯ ራሷ አለችው እኮ» አለች ፈገግ ብላ። «የሚመሳሰል ሁሉ ዘመድ አይደለም።» ከዚያ ሁሉ ማብራሪያ በዚህ ቤት ሥር የሰደደችው ይህች አባባል ብቻ ናት፤ ለተናጋሪዋም እንደ ትልቅ ግኝት ነበረች።

ሁሉም ወደ እናትየው አየ። የሞተው ልጇ ሚስት ናት፤ የልጅ ልጇ እናት ናት። እናትየው ቀስ ብላ አንዱን ልጇን አየች፣ ሌላዋን አየች፣ ምራቷን ግን አላየቻትም። «ሩዙ ቀዘቀዘ እኮ» አለች። በዚህ ቤት ከእሷ በላይ ይግባኝ የሚባልበት የለም፤ ጋሼም ቀኑን እዚያው ቆረጠ። እስከ ሳምንቱ መጨረሻ ክፍሉ ይለቀቃል። ምራቷ ተነሥታ የራሷን ሳህን፣ ቀጥሎ የእናትየውን ሳህን አንሥታ ወደ ማዕድ ቤት ሄደች። ማንም ተዪው አላላትም።

ዶክተሯ ምሳው ተበልቶ እስኪያልቅ ድረስ ተቀመጠች። ፍራፍሬ ቀረበ፤ አንድ ብርቱካን ልጣ በላች። ከዚያ ወደ ኋላው ክፍል ሄደች። ክፍሉ አልጋ፣ ቁም ሣጥን፣ የልጅቷ የጥናት ጠረጴዛ ሲገባበት ለሰው የሚተርፈው መቆሚያ ብቻ ነው። ግድግዳው ላይ የሟቹ ወንድሟ ፎቶ አለ፤ ሲስቅ የተነሣው። ምራቷ የልጅቷን የደንብ ልብስ አልጋው ላይ ዘርግታ ትተኩስ ነበር። ዞራም አላየቻትም።

«እኔ እውነቱ ይውጣ ብዬ ነው» አለች ዶክተሯ።

«ወጣ።»

«ታንከሩ መሆኑን አሁን ያውቃል። ያስጠርገዋል፤ የቀሩት ችግኞች ይድናሉ።»

«ችግኞቹ» አለች ምራቷ። የካውያውን ሙቀት በጣቷ ሞክራ ኮሌታውን ገለበጠች። «እንዳትናገሪ ብዬ ለመንሁሽ። በእናትሽ አልሁሽ። ውርደቱን የምሸከመው እኔ ነበርሁ፤ አንቺን ምን ከበደሽ? ፈንገስ ቢሉት ምን ነበረበት? ዝንጀሮ ነው ቢሉትስ ምን ነበረበት?»

ዶክተሯ መልስ ፈለገች፤ ያገኘችው ሁሉ ስለ ሴል ግድግዳ ነበር። በመጨረሻ «ለጥቂት ቀን እኔ ጋ መምጣት ትችላላችሁ እኮ» አለች።

ምራቷ ካውያውን አቆመች። ለመጀመሪያ ጊዜ ቀጥ ብላ አየቻት። «የእውነትሽን ነው? ያ ባዶው ክፍል?»

ዶክተሯ ቤት ያለው ባዶ ክፍል ባዶ አይደለም። የባልዋ የስፖርት መሮጫ ማሽን አለበት፤ ማንም አይሮጥበትም፣ ፎጣ ይሰጣበታል። ዶክተሯ ማሽኑን አሰበች፣ ባልዋን አሰበች፣ «ለጥቂት ቀን» የሚባለው ስንት ወር እንደሚሆን አሰበች። «ማለቴ... እሱን ላነጋግረው» አለች። «አነጋግሬው እደውልልሻለሁ።»

«እሺ» አለች ምራቷ፤ ወደ ኮሌታው ተመለሰች። አልተቆጣችም። ቁጣ ከሰው አንድ ነገር የሚጠብቅ ሰው የሚያወጣው ወጪ ነው። «በሩን ስትወጪ ሳብ አድርጊው፤ አቧራ ይገባል።»

ዶክተሯ በሩን ሳብ አድርጋ ወጣች። አውቶቡሱ ሞልቶ ነበር፤ ቆማ ነው የሄደችው። በየማቆሚያው የሚወርድ ሰው ትከሻዋን እየገፋት ሲያልፍ እሷ ለራሷ ትከራከር ነበር። ቃሏን አጥፋለች፣ እሺ፤ ግን ውሸት ላይ የቆመ መጠለያ መጠለያ ነው? እንዲህ ያለ ክርክር ቤት ያለው ሰው ሁልጊዜ ይረታበታል። ለማንኛውም ነገ ጋሼ ጋ ደውላ ጠንከር ያለ ነገር እንደምትናገረው ወሰነች። ምን እንደምትለውም ሐረግ በሐረግ አዘጋጀች፤ ስለ ሟቹ ወንድማቸው ድርሻ ጭምር። ዝግጅቱ ልቧን ጥቂት አሳረፈው። ሐረጉን እያሳመረች ሳለ ስልኳ ጮኸ። ጋሼ ነው።

«እቱ፣ ስሚኝማ» አለ። በምሳ ሰዓት ከነበረው ድምፁ ርዝራዥ እንኳ አልቀረም። «መድኃኒት መሸጫው ነኝ፤ ሊዘጋ ነው። ለዚያ ለሚዋኘው የሚሆነው የትኛው ነው? ሰውየው ሁሉንም ፈንገስ ፈንገስ እያለ ያሳየኛል። ቅድም አንቺ ያልሽውን ነገርሁት፤ አፉን ከፍቶ ነው የቀረው።»

አፉን ከፍቶ ቀረ። ዶክተሯ ከአንገቷ ቀና አለች። ያዘጋጀቻቸው ሐረጎች አፏ ላይ ነበሩ፤ አሁን ማለት ትችላለች፣ የሚያስፈልጋት ሰው መስመሩ ላይ ነው፣ ያውም የእሷን ዕውቀት ለምኖ። በአንድ እጇ የአውቶቡሱን ብረት ይዛ፣ የመድኃኒቱን ስም ፊደል በፊደል ነገረችው። በጀሪካን ውኃ ምን ያህል እንደሚጨመር ነገረችው። ታንከሩ በፊት ባዶ መደረግ እንዳለበት፣ ቦዩ እንደሚፈረስ፣ የሞተው ችግኝ ከነአፈሩ ከግቢ መውጣት እንዳለበት፣ ሁሉንም ቀስ ብላ፣ እንዲጽፈው እየጠበቀች ነገረችው።

«አንቺ ባትኖሪ ምን ይውጠን ነበር፣ ዶክተር» አለ ጋሼ፤ በዚህ ጊዜ ፌዝ አልነበረበትም። «የቤቱ ሰው ማለት እንዲህ ነው።» ስልኩ ተዘጋ።

ልቧ ቅቤ ጠጣ። ይህን ስሜት ከልጅነቷ ጀምሮ ስትጠብቀው ኖራለች፤ አሁን ደረሰላት። ስልኩን ወደ ቦርሳዋ ልትመልስ ስትል አንድ ነገር ትዝ አላትና ደነገጠች። ዋናውን ሳትነግረው! አውቶቡሱ ውስጥ ሰው እየገፋት መልሳ ደወለች።

«ጋሼ» አለችው፣ «ረስቼው። ሲረጭ በማለዳ ይሁን፤ ፀሐይ ሳይበረታ።»